የውሃ ብክለትን በሳተላይት መከታተል፦ ከምስሉ እስከ ናሙና ጠርሙሱ

ሳተላይት መርዝ አያይም። የሚያየው የውሃውን ቀለም፣ የገጹን ሙቀትና የገጹን ልስላሴ ነው። ይህን ከመጀመሪያው የተረዳ ሰው ሪሞት ሴንሲንግን (ከሩቅ ሆኖ በዳሳሽ መለካትን) ለውሃ ክትትል ሲጠቀም ብዙ ርቀት ይሄዳል። ያልተረዳ ግን የሚያምር ካርታ ይሠራና የተሳሳተ ነገር ይናገርበታል። ጉዳዩ ሰው የሚጠጣው፣ ከብት የሚጠጣው፣ ዓሣ የሚወጣበት ውሃ ነውና ስህተቱ ቀላል አይደለም።

ይህ መመሪያ በነጻ ምስልና በነጻ ሶፍትዌር ሐይቅን፣ ግድብን፣ ሰፊ ወንዝን ወይም የባሕር ዳርቻን መከታተል ለሚፈልግ ነው። ኪውጂአይኤስ የሚባለውን ነጻ የካርታ ሶፍትዌር ከፍታችሁ ካርታ ላይ ነገር ደራርባችሁ የምታውቁ ከሆነ ይበቃችኋል። ኮድ መጻፍ የሚችል ሰው አጠገባችሁ ካለ ደግሞ ሥራው ይፈጥናል።

1. የምትፈልጉትን ለይታችሁ ቁረጡ

"ብክለትን ልከታተል" ብሎ የተነሳ ሥራ የትም አይደርስም። ጥያቄው ጠበብ ይበል። አልጌ ነው የምትፈልጉት? ከጎርፍ ጋር የሚገባ ደለል ነው? የፋብሪካ ሙቅ ፍሳሽ ነው? ከመርከብ የፈሰሰ ዘይት ነው?

ከሳተላይት በቀጥታ የሚታዩት ጥቂት ናቸው። አንደኛው አልጌ ሲሆን የሚታየው በውስጡ ባለው ክሎሮፊል ነው። ሁለተኛው ድፍርስነት፣ ማለትም ውሃው ውስጥ የተንጠለጠለ ደለልና ብናኝ ነው። ሦስተኛው በውሃው ውስጥ ሟሙቶ ቡናማ የሚያደርገው የዕፅዋት ብስባሽ ነው። ከዚያ የገጽ ሙቀት፣ የተንሳፈፈ ዘይትና የተንሳፈፈ አረም ይከተላሉ።

የማይታዩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰው በጣም የሚፈራቸው ናቸው፤ ሊድ፣ ሜርኩሪ፣ አርሴኒክ፣ ናይትሬት፣ ፎስፌት፣ ፀረ ተባይ ኬሚካል፣ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ። እነዚህ ሳተላይቱ በሚያነባቸው የብርሃን ክልሎች ውስጥ የውሃውን ቀለም አይቀይሩም። "ፎስፈረስን ከሳተላይት ለካን" የሚል ሥራ ሲያጋጥማችሁ በደንብ እዩት። የተለካው አልጌው ወይም ደለሉ ነው፤ ፎስፈረሱ የተገመተው በእነሱ በኩል ነው። ያ ዝምድና በአንድ ሐይቅና በአንድ ወቅት ሊሠራ ይችላል። ወደ ሌላ ሐይቅ ሲወሰድ ግን ብዙ ጊዜ ይፈርሳል።

ታዲያ ከፋብሪካ የሚወጣ ኬሚካል ያሳሰበው ሰው ምን ያድርግ? ፍሳሹ ራሱ አይታይም እንጂ አብሮት የሚመጣው ይታያል። የተለየ ቀለም፣ የተለየ ሙቀት ወይም ከወራት በኋላ በዚያው አቅጣጫ የሚያብብ አልጌ ሊኖር ይችላል። ሳተላይቱ የትና መቼ ናሙና መቅዳት እንዳለባችሁ ይጠቁማችኋል። ምን እንዳለበት የሚናገረው ላብራቶሪው ነው።

2. ሳተላይቱን ለውሃችሁ ስፋት ምረጡ

ለሐይቅና ለግድብ ዋናው መሣሪያ የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ነው። የመጀመሪያው በ2015 (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ሁለተኛው በ2017፣ ሦስተኛው በ2024 ወደ ህዋ ወጥተዋል። ከእነዚህ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ አንድን ቦታ በየ5 ቀኑ ያነሱታል። ባንዶቹ (ብርሃንን ለየብቻ የሚያነብባቸው የቀለም ክልሎች) 13 ሲሆኑ ከፊሎቹ 10 ሜትር፣ ከፊሎቹ 20 ሜትር፣ የቀሩት 60 ሜትር ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ካሬ) አላቸው። ለእኛ ውዱ ባንድ 5 ነው። 705 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ያነባል፤ አልጌ በብዛት ያለበት ውሃ በዚያው አካባቢ ብርሃን ይመልሳል። የአሜሪካዎቹ ላንድሳት 8 እና 9 ይህ ባንድ የላቸውም።

ላንድሳትን ግን እንዳትተዉት። ሁለት ትልቅ ነገር አለው። አንደኛ ሙቀት ይለካል። ሁለተኛ የኋላ ታሪክ አለው፦ ላንድሳት 5 በ1984 የ30 ሜትር ምስል መሰብሰብ ጀመረ፣ ተከታዮቹም እስካሁን ቀጥለዋል። "ይህ ሐይቅ ድሮም እንዲህ ነበር ወይ?" ለሚል ጥያቄ ከእሱ የተሻለ ምስክር የለም። ላንድሳት 8 እና 9 አንድ ላይ በየ8 ቀኑ ያልፋሉ።

ሐይቁ በጣም ትልቅ ከሆነ ወይም ባሕር ከሆነ ሴንቲኔል 3 ይሻላል። ፒክስሉ 300 ሜትር ነው፤ ነገር ግን 21 ባንዶች አሉት፣ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑም ይመጣል። ከባንዶቹ አንዱ 620 ናኖሜትር ላይ ነው። መርዝ ሊያመነጩ የሚችሉት ሳያኖባክቴሪያዎች ፋይኮሳያኒን የሚባል ቀለም አላቸው፤ እሱ ብርሃን የሚውጠው እዚያ ላይ ነው። ተራውን አልጌ ከሳያኖባክቴሪያ ለመለየት ይህ ባንድ ብዙ ይረዳል።

ዘይት የምትፈልጉ ከሆነ ራዳር ያለው ሴንቲኔል 1 ነው የሚያዋጣችሁ። ደመና አይከለክለውም፣ ሌሊትም ያያል።

ወንዝ ላይ ያላችሁ ሰዎች እዚህ ቆም በሉ። ከዳር ቢያንስ 3 ፒክስል መራቅ ያስፈልጋል። ከዚያ የቀረበው ፒክስል ግማሹ ሣር ወይም አሸዋ ሊሆን ይችላል፤ ከዳሩ የተበተነ ብርሃንም ይገባበታል። በባንድ 5 ከሠራችሁ ከግራ 60 ሜትር፣ ከቀኝ 60 ሜትር፣ መሃል ላይ ደግሞ ቢያንስ አንድ 20 ሜትር ያስፈልጋችኋል። ወንዙ ከ140 ሜትር የጠበበ ከሆነ በሴንቲኔል 2 የአልጌ ልኬት መጀመር ልፋት ነው። ለዚያ ድሮን ወይም በቀጥታ ናሙና ይሻላል።

3. ምስሉን አውርዱ፣ ግን የትኛውን ደረጃ?

የሴንቲኔል ምስሎች በኮፐርኒከስ ብራውዘር፣ የላንድሳት ደግሞ በኧርዝ ኤክስፕሎረር በነጻ ይገኛሉ። አካውንት መክፈት ብቻ ነው። ኢንተርኔታችሁ ደካማ ከሆነ ጉግል ኧርዝ ኢንጂን ላይ ሥሩ፤ ስሌቱ እዚያው አልቆ ውጤቱን ብቻ ታወርዳላችሁ።

የሴንቲኔል 2 ምስል በሁለት ደረጃ ይመጣል። ደረጃ 1ሲ ሳተላይቱ ከከባቢ አየር በላይ ሆኖ ያየው ነው። ደረጃ 2ኤ ደግሞ የአየሩ ተጽዕኖ የተቀነሰለት ነው። 2ኤ ዝግጁ ስለሆነ ሁሉም ወደ እሱ ይሮጣል። ለመጀመሪያ ፍተሻ ምንም አይልም። ችግሩ እርማቱ የተሠራው በዋናነት ለየብስ መሆኑ ላይ ነው። ወደዚህ እንመለሳለን።

4. መጥፎውን ምስል በዓይናችሁ ጣሉ

አውቶማቲክ የደመና ማጣሪያ ላይ ብቻ አትተማመኑ። እያንዳንዱን ምስል በተፈጥሮ ቀለሙ ክፈቱና እዩት። ሥራው አሰልቺ ነው፤ የሚተካው ግን የለም።

ስስ ደመናና የደመና ጥላ ሁለቱም ውሃ ላይ የውሸት ቅርጽ ይፈጥራሉ። የፀሐይ ብልጭታም አለ፤ ፀሐይ ከውሃው ገጽ ነጥራ ሌንሱ ውስጥ ስትገባ ውሃው ብርማ ይሆናል። ይህን ለመያዝ ባንድ 11ን ክፈቱ። እሱ አጭር ሞገድ ኢንፍራሬድ፣ ማለትም ዓይናችን የማያየው ብርሃን ነው። ውሃ ይህን ብርሃን ጥርግ አድርጎ ስለሚውጠው ምስሉ ጥቁር መሆን አለበት። ውሃው በሰፊው ነጣ ካለ ብልጭታ ወይም ጭጋግ አለበት ማለት ነው። በጠባብ ቦታ ላይ ከነጣ ግን ወዲያው አትጣሉት፤ ተንሳፋፊ የአልጌ ንጣፍ ወይም አረም ሊሆን ይችላል።

ጥልቀት የሌለው ጥርት ያለ ውሃም ያታልላል። ወለሉ ላይ ያለው አሸዋና ሣር ይታያል፤ ስሌቱ ግን ደለልና አልጌ አድርጎ ይቆጥረዋል። የሐይቁን ጥልቀት የሚያውቅ ዓሣ አጥማጅ ጠይቁ። ጥልቀት የሌለውን ክፍል ካርታው ላይ ለዩትና ከስሌቱ አውጡት።

5. የ1000 ጉዳይ

ይህን ክፍል በጥሞና አንብቡት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የሴንቲኔል 2 ፋይል ውስጥ ያለው ቁጥር በቀጥታ ነጸብራቅ (የተመለሰው የብርሃን ድርሻ) አይደለም። በ10,000 ይካፈላል። ከጥር 2022 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ 1000 እየተጨመረ ይመጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ 1000 ትቀንሳላችሁ፣ ከዚያ ታካፍላላችሁ። ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተዘጋጁ ምስሎች ላይ መቀነስ አያስፈልግም።

በቁጥር እንየው። አንድ ፒክስል በቀዩ ባንድ፣ በባንድ 4 ላይ 1210፣ ባንድ 5 ላይ 1340 አለው እንበል። በትክክል ሲሰላ ባንድ 4 0.021፣ ባንድ 5 0.034 ይሆናል። ኤንዲሲአይ የሚባለው የክሎሮፊል ኢንዴክስ ባንድ 5 ሲቀነስ ባንድ 4፣ ለሁለቱ ድምር ሲካፈል ነው። ልዩነቱ 0.013፣ ድምሩ 0.055፣ ውጤቱ 0.236 ነው። አልጌ የበዛበት ውሃ ነው ማለት ነው።

1000ን መቀነስ ረሳችሁ እንበል። ባንዶቹ 0.121 እና 0.134 ይሆናሉ። ልዩነቱ ያው 0.013 ነው፤ ድምሩ ግን 0.255 ሆነ። ውጤቱ 0.051። ያው ውሃ፣ ያው ቀን፣ አልጌው ግን ካርታው ላይ ጠፋ። ከ2022 በፊት የነበሩትን ዓመታት ከዚያ በኋላ ካሉት ጋር ስታወዳድሩ ደግሞ "ሐይቁ ከ2022 ጀምሮ ጸድቷል" የሚል የሐሰት የምሥራች ይወጣላችኋል።

ኧርዝ ኢንጂን ላይ ከሆናችሁ በስሙ መጨረሻ "ሃርሞናይዝድ" የሚል ያለበትን ስብስብ ምረጡ፤ 1000ው አስቀድሞ ተቀንሶለታል። እዚያ ላይ ደግማችሁ እንዳትቀንሱ። ላንድሳት ኮሌክሽን 2 የሚባለው የላንድሳት ምስሎች ስብስብ ደግሞ የራሱ ቀመር አለው፦ ቁጥሩን በ0.0000275 አባዙ፣ ከዚያ 0.2 ቀንሱ።

6. አየሩን አውጡ

ሳተላይቱ ውሃ ላይ ከሚቀበለው ብርሃን 90 በመቶ ገደማው ከአየሩ የተበተነ ነው። ስለ ውሃው የሚነግረን የቀረችው ትንሽ ክፍል ናት። አየሩ ሲታረም ትንሽ ስህተት ከተፈጠረ የውሃው ምልክት በእጥፍ ሊዛባ ይችላል። ለየብስ የተሠራ እርማት ውሃ ላይ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

ለውሃ ተብለው የተሠሩ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። አኮላይት የተሠራው በቤልጅየም የተፈጥሮ ሳይንስ ተቋም ነው፤ ከሴንቲኔል 2 እና ከላንድሳት ጋር ይሠራል፣ ድፍርስ ውሃ ላይ ይበረታል። ሲቱአርሲሲ ደግሞ ስናፕ የሚባለው የአውሮፓ ህዋ ኤጀንሲ ሶፍትዌር ውስጥ ይገኛል። ሁለቱም የሚፈልጉት ደረጃ 1ሲ ምስል ነው። ሁለቱንም በአንድ ምስል ላይ ሞክሩና አወዳድሩ። የእኔ ምክር ከአኮላይት እንድትጀምሩ ነው፤ የቅንብር ፋይሉ ቀላል ነው፣ የሐይቁን ድንበር ሰጥታችሁት ያን ክፍል ብቻ ይሠራል።

እርማቱ መልካም መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ከሐይቁ መሃል አንድ ንጹሕ የሚመስል ፒክስል ምረጡና ባንዶቹን ከሰማያዊ እስከ ኢንፍራሬድ በመስመር ሳሉት። አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴው ከፍ ብሎ፣ ቀዩ ዝቅ ብሎ፣ ቅርብ ኢንፍራሬዱ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ሰማያዊው ከዜሮ በታች ከወረደ አየሩ ከመጠን በላይ ተቀንሷል። ኢንፍራሬዱ ጥርት ባለ ውሃ ላይ ከፍ ካለ ብልጭታ ወይም የዳር ብርሃን አለበት። ያንን ምስል ለልኬት አትጠቀሙበት።

7. ውሃውን ከየብስ ስትለዩ ብክለቱን አብራችሁ እንዳትቆርጡ

የተለመደው መንገድ ኤንዲደብልዩአይ ነው፦ አረንጓዴ ሲቀነስ ቅርብ ኢንፍራሬድ፣ ለድምራቸው ሲካፈል። ከዜሮ በላይ የሆነው ውሃ ነው ይባላል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ግን አንድ ወጥመድ አለው። አልጌው ወፍሮ ውሃው ላይ ሲነጠፍ ኢንፍራሬድን እንደ ሣር ይመልሳል። ኢንዴክሱ "ይህ የብስ ነው" ብሎ ይጥለዋል። ከሁሉ የከፋው የተበከለ ቦታ ካርታው ላይ ባዶ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። ከደረጃ 2ኤ ጋር የሚመጣው የመደብ ካርታም እንዲሁ የአልጌ ንጣፍን ዕፅዋት፣ በጣም ድፍርስ ውሃን ደግሞ ባዶ አፈር ወይም ደመና ሊለው ይችላል።

መፍትሔው ቋሚ የውሃ ድንበር መጠቀም ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን የጋራ ምርምር ማዕከል ከላንድሳት ታሪክ የሠራው የዓለም የገጸ ምድር ውሃ ካርታ አለ። ውሃ በየቦታው ከጊዜው ስንት በመቶውን እንደቆየ ይናገራል። አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሆነውን ቦታ ብቻ ወስዳችሁ ከዳሩ 3 ፒክስል ወደ ውስጥ ቁረጡ። በዚያ ድንበር ውስጥ የየቀኑ ኤንዲደብልዩአይ "የብስ ነው" የሚለው ቦታ ካለ አትሰርዙት። "ተንሳፋፊ ነገር ሊሆን ይችላል" ብላችሁ በሌላ ቀለም ለብቻው አሳዩት።

8. ስሌቱ

ለአልጌ ከላይ ያየነው ኤንዲሲአይ በቂ መነሻ ነው። ክሎሮፊል 665 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ይውጣል፤ 705 አካባቢ ደግሞ አልጌ ያለበት ውሃ ብርሃን ይመልሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሲሰፋ አልጌው በዝቷል። ኢንዴክሱ በ2012 ሲታተም ወደ ማይክሮግራም ክሎሮፊል የሚቀይር ቀመርም አብሮት ነበር፦ 14.039፣ ሲደመር 86.115 በኢንዴክሱ ተባዝቶ፣ ሲደመር 194.325 በኢንዴክሱ ስኩዌር ተባዝቶ። በእኛ ምሳሌ 0.236 በሊትር 45 ማይክሮግራም ገደማ ይሰጣል። 1000ው የተረሳበት 0.051 ደግሞ 19 ገደማ።

ቀመሩ የተገኘው ከአሜሪካ የባሕር ወሽመጦችና የወንዝ አፎች መረጃ ነው። ለእናንተ ሐይቅ የራሳችሁን ቀመር እስክትሠሩ ድረስ ማይክሮግራሙን እንደ ልኬት አትጥቀሱት። ኢንዴክሱን ብቻ ተጠቀሙ፤ ከየት ወደ የት እንደሚጨምር በደንብ ያሳያል። በጣም ጥርት ያለ፣ አልጌው ጥቂት የሆነ ውሃ ላይ ግን ኤንዲሲአይ ደካማ ነው። ምልክቱ ከስህተቱ አይለይም።

ለድፍርስነት ቀዩ ባንድ ይበቃል። ደለል ሲጨምር ቀይ ብርሃን በብዛት ይመለሳል። በሰፊው የሚሠራበት ቀመር ይህ ነው፦ ከአየር የጸዳውን የቀይ ነጸብራቅ በ228.1 አባዙ፤ ለብቻው ነጸብራቁን ለ0.1641 አካፍላችሁ ከ1 ቀንሱ፤ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። ነጸብራቁ 0.03 ከሆነ 8.4 ገደማ የድፍርስነት ዩኒት ይወጣል። እነዚህ ቁጥሮች ለ645 ናኖሜትር የወጡ ናቸው። የሴንቲኔል ቀይ ባንድ 665 ላይ ስለሆነ አኮላይት ራሱ ለባንዱ የሚስማማውን ይመርጣል፤ እሱን ተጠቀሙ። ውሃው በጣም ሲደፈርስ ቀዩ ይጠግብና መጨመሩን ያቆማል። ነጸብራቁ ከ0.05 እስከ 0.07 ሲደርስ ወደ ቅርብ ኢንፍራሬድ መሸጋገር ያስፈልጋል፤ ፕሮግራሙ ይህንንም በራሱ ያደርጋል።

ለሙቀት የላንድሳት ኮሌክሽን 2 ደረጃ 2 የገጽ ሙቀት ፋይልን አውርዱ። ቁጥሩን በ0.00341802 አባዙ፣ 149 ደምሩ፣ ወደ ሴልሺየስ ለመቀየር 273.15 ቀንሱ። 43500 የሚል ፒክስል 24.5 ዲግሪ ነው። ፋይሉ በ30 ሜትር ፒክስል ቢቀርብም ዳሳሹ የሚያየው በ100 ሜትር ነው። ስለዚህ ጠባብ የፍሳሽ ቱቦ አፍ ላይ ብዙ አትጠብቁ። ቁጥሩን ብቻውን ከማየት የፍሳሹን አካባቢ በዚያው ምስል ካለው ራቅ ያለ ውሃ ጋር አወዳድሩ።

ለዘይት ከሴንቲኔል 1 ምስሎች ቪቪ የሚል ስም ያለውን ክፈቱ። ዘይት ትናንሽ ሞገዶችን ያለሰልሳል፤ ልሙጥ ገጽ የራዳሩን ሞገድ ወደ ሳተላይቱ ስለማይመልስ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ነፋሱን ግን አስቀድማችሁ አጣሩ። በሰከንድ ከ3 ሜትር በታች ከሆነ ውሃው ሁሉ ጥቁር ነው። ከ10 ሜትር ገደማ በላይ ከሆነ ሞገዱ ዘይቱን ይበትነዋል። የአልጌ ንጣፍና ነፋስ የማይደርስበት ጥግም ዘይት ይመስላሉ። ከመርከብ መስመር ጋር የሚሄድ ቀጭን ረጅም ጥቁር ጭረት ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

9. ጠርሙሱን ይዛችሁ ውጡ

እስካሁን ያለው ሁሉ ግምት ነው። ግምቱን ወደ ልኬት የሚቀይረው ጀልባ ላይ የወጣው ሰው ነው። ይህን ክፍል ዘለው የሚጨርሱ ሥራዎች ብዙ ናቸው፤ ያሳዝናል።

የሳተላይቱን ማለፊያ ቀን አስቀድማችሁ እወቁ። ሴንቲኔል 2 በአካባቢው የፀሐይ ሰዓት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ያልፋል፣ ላንድሳት ደግሞ ትንሽ ቀደም ብሎ። ናሙናው ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ባሉት 3 ሰዓታት ውስጥ ይቀዳ። ጠዋት ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ሳያኖባክቴሪያ ወደ ገጽ ይንሳፈፋል፤ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ወደ ታች ይደባለቃል። ጠዋት የተነሳ ምስል ከሰዓት ከተቀዳ ናሙና ጋር የማይገጥመው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ነጥቦቹን ቤት ሆናችሁ ካርታው ላይ ምረጡ። ከፍተኛ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው ቦታዎች ሁሉ ይኑሩበት። የከፋው ቦታ ላይ ብቻ ከቀዳችሁ ቀመሩ ንጹሑን ውሃ አያውቅም። እያንዳንዱ ነጥብ ዙሪያውን አንድ ዓይነት ውሃ ያለበት ይሁን።

ቦታው ላይ ስትደርሱ ጂፒኤሱን መዝግቡ። ሰዓቱን፣ የሰማዩን ሁኔታ፣ ነፋሱን ጻፉ። የውሃውን ፎቶ አንሱ። ጥቁርና ነጭ የሆነውን 20 ሴንቲሜትር የሴኪ ዲስክ በጀልባው ጥላ በኩል አውርዱና የጠፋበትን ጥልቀት መዝግቡ። ርካሽ ናት፣ ባትሪ አትፈልግም፣ ስለ ውሃው ጥራት ብዙ ትናገራለች። ከዚያ ጠርሙሱን ከገጹ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ሙሉ። ለክሎሮፊል የሚሆነው ጠርሙስ ጠቆር ያለ ይሁን ወይም በፎይል ይጠቅለል። በረዶ ባለበት ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት። ብርሃንና ሙቀት ክሎሮፊልን ያጠፉታል፤ ከቀትር በኋላ መኪና ውስጥ የዋለ ናሙና ዋጋ የለውም። በዚያው ቀን በመስታወት ፋይበር ማጣሪያ ይጣራ፤ ማጣሪያው ጨለማ ውስጥ በረዶ ሆኖ ላብራቶሪ ይድረስ።

አልጌ የተነጠፈበት ውሃ ውስጥ እጃችሁን አትክተቱ። ጓንት አድርጉ። ብቻችሁን ጀልባ ላይ አትውጡ።

ላብራቶሪው ሲመልስ ለእያንዳንዱ ነጥብ በዙሪያው ያሉትን 3 በ3፣ በድምሩ 9 ፒክስሎች ውሰዱና ሚዲያናቸውን (በመጠን ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን) ከናሙናው ጋር አጣምሩ። 9ኙ እርስ በርስ በጣም ከተለያዩ ነጥቡን ተዉት። በቂ ጥንዶች፣ ቢያንስ 30 ያህል፣ ከተለያዩ ወቅቶች ሲሰበሰቡ የራሳችሁን ቀመር ታወጣላችሁ። ሲሶውን ለብቻ አስቀምጡት። ቀመሩን ባላየው መረጃ ላይ ፈትኑትና አማካይ ስህተቱን ጻፉ።

አልጌን መርዝ ብላችሁ እንዳትጠሩ ደግሜ አደራ እላለሁ። ነሐሴ 2014 በአሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ በቶሊዶ ከተማ ከ400,000 በላይ ሰዎች የቧንቧ ውሃ እንዳይጠጡ ተነገራቸው። በኢሪ ሐይቅ ላይ የሳያኖባክቴሪያ አበባ ነበር፤ ያ ከሳተላይት ይታያል። ማይክሮሲስቲን የተባለው መርዝ በተጣራው ውሃ ውስጥ መግባቱ የታወቀው ግን በላብራቶሪ ምርመራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ለረጅም ጊዜ የሚያገለግል ወሰን ማይክሮሲስቲን ኤልአር ለሚባለው የመርዙ ዓይነት በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው። ውሃውን ማፍላት ይህን መርዝ አያጠፋውም። አልጌው ቢበዛም መርዝ ላይኖር ይችላል፤ ባይበዛም ሊኖር ይችላል።

10. የሐይቁን ጠባይ በዓመታት እወቁ

አንድ ምስል ላይ ቀይ ቦታ አይቶ "ብክለት!" ማለት አይቻልም። ሐይቁ ሁልጊዜ በዚያ ወር እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ከ2017 ወዲህ ያሉትን የሴንቲኔል 2 ምስሎች በወር በወር ሰብስቡና ለእያንዳንዱ ወር ሚዲያኑን አስሉ። ከዚያ 90 በመቶው ምልከታ የማያልፈውን ዋጋ እንደ መስመር ያዙ። አዲሱ ምስል የዚያን ወር መስመር በሰፊ ቦታ ካለፈ ሰው ይላክ።

የምትጠረጥሩት አንድ የፍሳሽ አፍ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሳጥን ሳሉ። አንዱን ፍሳሹ በሚገባበት፣ ሌላውን ራቅ ብሎ ተመሳሳይ ጥልቀት ባለው ቦታ። በእያንዳንዱ ቀን የሁለቱን ልዩነት ብቻ ተከታተሉ። አየሩም፣ ፀሐይዋም፣ ዝናቡም ለሁለቱም አንድ ስለሆኑ ስህተቱ በአብዛኛው ይጣፋል፤ የሚቀረው የፍሳሹ ጉዳይ ነው። ከምርጥ ቀመር ይልቅ ይህ ቀላል ንጽጽር በክርክር ላይ ይጸናል።

11. ካርታውን ለሚመለከተው ክፍል ስትልኩ

የምስሉን ቀንና ሰዓት፣ የሳተላይቱን ስም፣ የፒክስሉን ስፋትና የተጠቀማችሁበትን እርማት ካርታው ላይ ጻፉ። ደመና የሸፈነውን ቦታ በግራጫ አሳዩ። በሰማያዊ ከተዋችሁት የሚያየው ሰው ንጹሕ ይመስለዋል። "የአልጌ መጠን ከፍተኛ ነው" በሉ፤ "ውሃው ተመርዟል" አትበሉ። የተጠረጠሩትን ቦታዎች ጂፒኤስ ዝርዝር አያይዙ፤ ቡድኑ ስልኩ ላይ ከፍቶ በቀጥታ ይሄድበታል። ቀጣዩ ሳተላይት የሚያልፍበትን ቀንም ጨምሩበት፤ ጠርሙስ የያዘው ሰው ያን ቀን ጠዋት ጀልባ ላይ እንዲሆን።